አንድ ሪሞት ለመላው ሳሎን

ቲቪ፣ የዲሽ ሪሲቨርና ሆም ቴአትር ያሉበት ሳሎን ቢያንስ ሦስት ሪሞት አለው። ፊልም የሚያጫውት ሌላ ሳጥን ከተጨመረ አራት ይሆናል። ዜና ማየት የፈለገ ሰው ቲቪውን በአንዱ ያበራል፣ ሪሲቨሩን በሌላው ይከፍታል፣ ድምፁን በሦስተኛው ከፍ ያደርጋል። ምስሉ ካልመጣ ደግሞ ሶርሱን ለመቀየር ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዕቃውን ያገጣጠመው ልጅ ይህን ሁሉ ሳያስበው ይሠራዋል፤ እናቱ ግን እሱ ከሥራ እስኪገባ ይጠብቃሉ። ዩኒቨርሳል ሪሞት የሚገዛው ለእሳቸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምርጫውም ከእሳቸው መነሳት አለበት።

ካርቶኑ የሚያወራው ስለ ቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ሺህ ሞዴል ያዛል፣ ይህን ያህል ዕቃ በአንዴ ይቆጣጠራል ይላል። ከቁጥሩ የሚቀድም ጥያቄ አለ። "ሁሉንም አብራ" የሚለው ቁልፍ ሲጫን ቲቪው ቀድሞ በርቶ የነበረ እንደሆነ ምን ይሆናል? ብዙ ዩኒቨርሳል ሪሞት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ የሪሞት ተፈጥሮ ነው። የአሜሪካው ዜኒዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው "ሌዚ ቦንስ" ከቲቪው ጋር በረዥም ሽቦ የተያያዘ ነበር። በ1955 የኩባንያው መሐንዲስ ዩጂን ፖሊ "ፍላሽማቲክ"ን ሠራ። ይህኛው እንደ ሽጉጥ ተይዞ በቲቪው አራቱ ማዕዘኖች ላይ ወደተተከሉ ብርሃን ተቀባዮች የሚያበራ መሣሪያ ሲሆን፣ ተቀባዮቹ የፀሐይን ብርሃን ከሪሞቱ ብርሃን መለየት ስለማይችሉ በመስኮት የገባ ጨረር ቻናል ይቀይር ነበር። በ1956 ሮበርት አድለር የባትሪ ድንጋይ የማይፈልገውን "ስፔስ ኮማንድ" አመጣ። ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ ትመታለች፤ ዘንጉ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ቲቪው ያንን ሰምቶ ይታዘዛል። ኢንፍራሬድ ቦታውን የወሰደው በ1980ዎቹ ነው።

ኢንፍራሬድ የፖሊን የፀሐይ ችግር የፈታው ብርሃኑን በማርገብገብ ነው። በሪሞቱ አፍንጫ ላይ ያለችው አምፖል በሰከንድ 38,000 ጊዜ ገደማ ትበራለች ትጠፋለች፤ ተቀባዩም በዚህ ፍጥነት የማይርገበገብ ብርሃንን ችላ ይላል። ፍጥነቱ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ ሶኒ 40,000፣ የፊሊፕስ የቆየ አሠራር ደግሞ 36,000 ይጠቀማል። የትእዛዙ ፊደልም እንደዚያው የየራሳቸው ነው። ይህን ሁሉ ቋንቋ አንድ ላይ የያዘ መሣሪያ ገበያ ላይ የወጣው በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ እንኳ ሲ ኤል ናይን የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ በ1987 "ኮር" የተባለ ሪሞት አውጥቷል። ከዜኒዝ ዘመን ጀምሮ ያልተለወጠ ነገር ግን አለ፤ ተራ ሪሞት ይናገራል እንጂ አይሰማም። ትእዛዙ መድረሱን አያውቅም፤ ዕቃው በርቶ ይሁን ጠፍቶ አያውቅም።

ሰው ራሱ ሪሞቱን ሲይዝ ይህ ጉድለት አይታይም፤ የሚያየው ዓይኑ ነውና። ችግሩ የሚመጣው አንድ ቁልፍ ብዙ ትእዛዝ እንዲያስተላልፍ ሲደረግ ነው። በአብዛኛው ሪሞት ላይ የማብሪያና የማጥፊያው ቁልፍ አንድ ነው፤ የበራውን ያጠፋል፣ የጠፋውን ያበራል። ስለዚህ ሪሲቨሩ በርቶ ቲቪው ጠፍቶ ሳለ "ሁሉንም አብራ" ቢባል ቲቪው ይበራል፣ ሪሲቨሩ ይጠፋል። እናት ደግመው ይጫናሉ፤ አሁን ደግሞ በተቃራኒው ይሆናል። የዚህ መድኃኒት "አብራ" እና "አጥፋ" ለየብቻ የተመደቡ ኮዶች ናቸው። "አብራ" የሚለው ኮድ የበራን ዕቃ አይነካም። ብዙ ቲቪና አምፕሊፋየር እነዚህን ኮዶች ይቀበላል፤ ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ሪሞት ላይ ግን ቁልፍ አልተሠራላቸውም። ጥሩ ዩኒቨርሳል ሪሞት ከርካሹ የሚለየው በዋናነት እነዚህን የተደበቁ ኮዶች ስለሚያውቅ ነው። እኔ ሪሞት ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፤ የስክሪን ውበትና የቁልፍ ብዛት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

መብራት በሚጠፋበት አገር ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንዱ ቲቪ ቀይ መብራቱን ብቻ አብርቶ ይቆያል፤ አንዳንዱ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ርካሽ የዲሽ ሪሲቨር ብዙውን ጊዜ በራሱ ይነሳል። ዕቃው እንዳይቃጠል ብሎ ማታ ማታ ሁሉንም ከዲቫይደሩ የሚያጠፋ ቤተሰብም ብዙ ነው። የትኛው ዕቃ እንደበራ በማስታወስ የሚሠራ ሪሞት እዚህ ይሳሳታል፤ የሚያስታውሰው ራሱ ያዘዘውን እንጂ ከኤሌክትሪክ መሥመሩ የመጣውን ለውጥ አይደለም። አሜሪካና አውሮፓ የሚጻፉ የሪሞት ግምገማዎች ይህን ነጥብ ብዙም አያነሱትም። አዲስ አበባ ላለ ገዢ ግን ዋናው ነገር ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለ ቤት "ሁሉንም አብራ" የሚል ቁልፍ ከሌለው፣ ግን ቲቪውን፣ ሪሲቨሩንና ድምፁን ለየብቻ የሚያበሩ ሦስት ግልጽ ቁልፎች ካሉት ሪሞት የተሻለ አላውቅም።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት መሞከር ያለበት ነገር ቲቪው ውስጥ ተቀምጧል። የኤችዲኤምአይ ገመድ ምስልና ድምፅ ብቻ አይደለም የሚያስተላልፈው፤ ከአሥራ ዘጠኙ መሥመሮቹ አንዱ፣ አሥራ ሦስተኛው፣ ዕቃዎቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ የተተወ ነው። አሠራሩ ሲኢሲ ይባላል፤ ኩባንያዎች ግን የየራሳቸውን ስም ሰጥተውታል፤ ሳምሰንግ ላይ "ኤኒኔት ፕላስ"፣ ኤልጂ ላይ "ሲምፕሊንክ"፣ ሶኒ ላይ "ብራቪያ ሲንክ" ነው። ብዙ ሰው ቲቪው ውስጥ ይህ መኖሩን የማያውቀው ስሙ ስለሚለያይና በአንዳንዱ ቲቪ ላይ ከፋብሪካው ተዘግቶ ስለሚመጣ ነው። ሜኑ ውስጥ ገብተው ሲከፍቱት ቲቪው ሲበራ ሳውንድባሩ አብሮ ይበራል፤ የቲቪው ሪሞት ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ይህ የሚሠራው ገመዱ በቲቪውም በሳውንድባሩም ላይ ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ ባለበት ቀዳዳ ሲሰካ ነው። ኤአርሲ የመጣው በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ብዙ ቲቪ አለው።

ሲኢሲን የምወደው ከኢንፍራሬድ በተለየ ስለሚሰማ ነው። ቲቪው ሳውንድባሩን "በርተሃል?" ብሎ ሊጠይቀው ይችላል፤ መልስም ያገኛል። ስለዚህ ከላይ ያነሳሁት የማብራትና የማጥፋት ግራ መጋባት እዚህ በመሠረቱ የለም። ድክመቱ ግን አሁንም አለ። የተለያየ ኩባንያ ዕቃዎች አንዳንዴ አይግባቡም፤ አንዱ ዕቃ ሲነቃ ቲቪው ሳይታዘዝ ወደሱ ሊዞር ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ የተያያዘ የቆየ ሪሲቨር ወይም ኤችዲኤምአይ የሌለው ሆም ቴአትር በዚህ መንገድ አይታዘዝም። በኦፕቲካል ገመድ የተገናኘ አምፕሊፋየርም እንደዚያው ነው፤ ድምፅ ይደርሰዋል፣ ትእዛዝ ግን አይደርሰውም። ቲቪና ሳውንድባር ብቻ ያለው ቤት ሲኢሲን ከፍቶ ሪሞት ከመግዛት ሊድን ይችላል። ቀጥሎ መታየት ያለበት የቲቪው የራሱ ሪሞት ነው። የኤልጂ ማጂክ ሪሞትና የሳምሰንግ ስማርት ቲቪዎች በሜኑአቸው ውስጥ የሌላ ኩባንያ ሪሲቨርና ሳውንድባር የማስመዝገቢያ ቦታ አላቸው። ሪሲቨሩ በዝርዝሩ ውስጥ ከተገኘ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን አይገኝም። በሱቅ በርካሽ የሚሸጠው ዩኒቨርሳል ሪሞትም የሚሰናከለው በዚሁ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ የዕቃው ስም ተፈልጎ ከጎኑ ያለው ሦስት ወይም አራት አኃዝ ኮድ ይገባል፤ ስሙ ከሌለ ሪሞቱ ዕቃው እስኪጠፋ ድረስ ኮዶቹን በተራ ይሞክራል። የኮድ ዝርዝር የሚዘጋጀው ግን ሪሞቱ ለሚሸጥበት ገበያ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ ሪሞት የአሜሪካን የኬብል ሳጥኖች በሙሉ ያውቅ ይሆናል፤ ላይፍስታርን ወይም ሱፐርማክስን ግን ላያውቅ ይችላል። ቲቪውን ማዘዙ አያጠራጥርም፤ ሳምሰንግ፣ ሶኒና ኤልጂ የሌሉበት ዝርዝር የለም። ብዙ ሰው ሱቅ ውስጥ የሚሞክረው በቲቪ ስለሆነ ተደስቶ ይገዛል፤ ቤቱ ሲደርስ ሪሲቨሩ አልታዘዝ ይለዋል። ኮዱ ተገኝቶም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ማብሪያው፣ ድምፁና ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው። ቻናል መፈለጊያውና የቋንቋ መምረጫው ቁልፍ ዝም ይላሉ።

ለዚህ ያለው መፍትሔ ከሌላ ሪሞት የሚማር ሪሞት ነው። ሁለቱ አፍንጫ ለአፍንጫ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ይቀመጣሉ፤ በአዲሱ ላይ ቁልፉ ይመረጣል፣ በአሮጌው ላይ ያው ቁልፍ ይጫናል፣ አዲሱ የብርሃኑን እርግብግቢት ቀድቶ ይይዛል። የዕቃው ስም በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ ባይኖር ግድ የለም። ለኢትዮጵያ ሳሎን የምመርጠው ይህንን ነው፤ ያለማመንታት። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ለመማር አስተማሪው በሕይወት መኖር አለበት። ሰው ዩኒቨርሳል ሪሞት የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ዋናው ከተሰበረ ወይም ከጠፋ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚቀዳ ነገር የለም። የሪሲቨሩ ሪሞት ቁልፎች መደንዘዝ ሲጀምሩ፣ ገና እየሠሩ ሳሉ፣ መግዛት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ከፀሐይና ከብርሃን ራቅ ብሎ መካሄድ አለበት። ኃይል ቆጣቢ የሚባሉት የፍሎረሰንት አምፖሎች አንዳንዶቹ ከሪሞቱ ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት ስለሚርገበገቡ የሚቀዳውን ያበላሻሉ፤ በተለምዶ አልማር ያለ ቁልፍ መብራት ጠፍቶ ሲሞከር ይማራል። የመማር ችሎታም ወሰን አለው። ባንግ ኤንድ ኦሉፍሰን በ455,000 እርግብግቢት ስለሚሠራ ብዙ ሪሞት ሊቀዳው አይችልም። በብሉቱዝ የሚሄድ የድምፅ ትእዛዝና እንደ ኤልጂ ያለው በአየር ላይ የሚንቀሳቀስ ጠቋሚም አይቀዱም።

የሚማር ሪሞት ግን የሚቀዳው በአሮጌው ላይ ያለውን ቁልፍ ብቻ ነው፤ የተደበቁትን "አብራ" እና "አጥፋ" ኮዶች ከየት ያመጣል? እዚህ ላይ ዋን ፎር ኦል የሚባሉት ሪሞቶች የሚወደሱበት ምክንያት አለ። ዝርዝርም አላቸው፣ ይማራሉም። በአሜሪካ የተሸጡት ብዙዎቹ በድንጋይ ማስቀመጫው ውስጥ ስድስት ቀጫጭን እግሮች ነበሯቸው፤ አፍቃሪዎች በዚያ በኩል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ፋብሪካው ያላሰበውን ኮድ ሁሉ ያስገቡበት ነበር። ይህ ለሁሉም ሰው የሚሆን መንገድ አይደለም፤ ግን አንድ ሪሞት ለባለቤቱ ክፍት ሲሆን ዕድሜው ምን ያህል እንደሚረዝም ያሳያል።

ክፍት አለመሆን ምን እንደሚያመጣ ደግሞ የሃርመኒ ታሪክ ይነግረናል። ሃርመኒ የካናዳው ኢንትሪግ ቴክኖሎጂስ የፈጠረው ሪሞት ነው፤ ሎጂቴክ ኩባንያውን በ2004 ገዛው። ሐሳቡ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሪሞቱ ስለ ዕቃ አይጠይቅም፤ ስለ ሥራ ይጠይቃል። "ፊልም ማየት" ሲባል የትኛው ዕቃ እንደሚበራ፣ ቲቪው ወደ የትኛው ሶርስ እንደሚዞር፣ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነግሮታል። "ሙዚቃ መስማት" ሲባል የማያስፈልገውን አጥፍቶ የሚያስፈልገውን ብቻ ያስቀራል። ማን እንደበራ ያስታውሳል፤ ከተሳሳተም የእርዳታ ቁልፍ አለው፤ ሲጫን "ቲቪው በርቷል?" ብሎ ይጠይቃል፣ አይደለም ሲባል ያስተካክላል። አንድም ኮድ የማያውቅ ሰው ሳሎኑን በሙሉ እንዲያዝ ያስቻለ መሣሪያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው።

ኮዶቹ ግን በሎጂቴክ ሰርቨር ላይ ነበሩ። አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ኢንተርኔት ገብቶ ከኩባንያው ዝርዝር ማውረድ ነበረበት። በኤፕሪል 2021 ሎጂቴክ ሃርመኒን ማምረት ማቆሙን አስታወቀ፤ ደንበኞች እስከተጠቀሙበት ድረስ አገልግሎቱ እንደሚቀጥል ቃል ቢገባም፣ ብዙ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች የሪሞታቸው ዕድሜ በሌላ ሰው ውሳኔ ላይ እንደተንጠለጠለ ያኔ ገባቸው። ዛሬ አገልግሎት ላይ የዋለ ሃርመኒ በርካሽ ቢገኝ አልመክርም። ዛሬ ቢሠራም፣ ነገ ሪሲቨር ሲቀየር የሚሠራ ስለመሆኑ ባለቤቱ ማረጋገጥ አይችልም።

ቦታውን ለመያዝ ከተነሱት መካከል ሶፋባተን ይበልጥ ይታወቃል። በአንዳንድ ሞዴሎቹ ኢንፍራሬድንም ብሉቱዝንም ያዛል፤ የሚዘጋጀው በስልክ አፕ ነው። መማርም ይችላል፤ ይህ ለእኛ ዕቃዎች ወሳኝ ነው። የሃርመኒን ያህል የማያስቸግር አይደለም፤ ግን ዋጋው ለተራ ገዢ ይቀርባል። ብሮድሊንክ የሚያመርታት ትንሽ ሳጥን ደግሞ በዋይፋይ ትእዛዝ ተቀብላ በኢንፍራሬድ ታስተላልፋለች፤ በእጅ የሚያዝ ሪሞት ግን አይደለችም፤ የምትታዘዘው ለስልክ ነው። አማዞን በ2018 ያወጣው ፋየር ቲቪ ኪውብ በአሌክሳ አማካይነት በአፍ ሲነገረው ቲቪና አምፕሊፋየር ያበራል። አሌክሳ አማርኛ ስለማይሰማ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከልጆቻቸው ጋር ለሚኖሩ፣ እንግሊዝኛ ለማይናገሩ ወላጆች ይህ መንገድ ዝግ ነው።

ስልክን እንደ ሪሞት መጠቀም ብዙ ሰው የሚያነሳው ሐሳብ ነው። የሻኦሚ ስልኮች አብዛኞቹና አንዳንድ የኢንፊኒክስ ሞዴሎች ኢንፍራሬድ አላቸው፤ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ4 እስከ ኤስ6 አድርጎት ከኤስ7 ጀምሮ አንስቶታል። ለድንገተኛ ጊዜ ጥሩ ነው። ለቤት ሪሞትነት ግን አይሆንም፤ ባለቤቱ ሲወጣ ስልኩም አብሮት ይወጣል፣ እናት ያለ ሪሞት ይቀራሉ።

ኢንፍራሬድ ጨርሶ የማይደርስባቸው ዕቃዎችም አሉ። ፕሌይስቴሽን 4 እና 5፣ የፋየር ቲቪና የሮኩ ስቲኮች ኢንፍራሬድ ተቀባይ የላቸውም፤ የሚታዘዙት በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ነው። ኤክስቦክስና አፕል ቲቪ ግን ይቀበላሉ። ተቀባይ የሌላቸውንም በሲኢሲ በኩል ማዘዝ ብዙ ጊዜ ስለሚቻል ለእነሱ ብሎ ውድ ሪሞት መግዛት አያስፈልግም። ዕቃው በቡፌ ውስጥ ተዘግቶ ከተቀመጠ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ብርሃን በመስታወት ያልፋል፣ በእንጨት አያልፍም። የመስታወት መዝጊያ ላለው ቡፌ ተራ ሪሞት ይበቃል። ለእንጨት መዝጊያ በሬዲዮ የሚናገርና ቡፌው ውስጥ ተቀምጦ ትእዛዙን ወደ ኢንፍራሬድ የሚቀይር ሳጥን ያለው ሪሞት ያስፈልጋል፤ ወይም መዝጊያውን ከፍቶ መቀመጥ።

ስለ ቁልፎቹ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ስክሪን ያለው ሪሞት ለሳሎን አይሆንም። ሪሞት በጨለማ፣ ዓይን ቲቪው ላይ ሳለ፣ በጣት ተዳብሶ የሚሠራ ዕቃ ነው። ድምፅና ቻናል መቀየሪያው በቅርጽ የሚለዩ፣ ጎልተው የሚዳሰሱ መሆን አለባቸው። ለአዛውንት ስድስት ወይም ሰባት ትላልቅ ቁልፎች ብቻ ያሉት የሚማር ሪሞት አለ፤ ማብሪያ፣ ድምፅ፣ ቻናልና ድምፅ ማጥፊያ ከዚያ አያልፍም። ሌላው ቤተሰብ ሃምሳ ቁልፍ ያለውን ይያዝ፤ ለእናት ያኛው ይሰጣቸው።  አንድ ሳሎን ውስጥ ተመሳሳይ ሁለት ሪሲቨር ካለ ግን ሁለቱም ለአንድ ትእዛዝ እንደሚነሱ መታወቅ አለበት፤ እንደ ያማሃ ያሉ አምፕሊፋየሮች የትእዛዝ መለያቸውን መቀየር ያስችላሉ፣ ርካሽ ሪሲቨር ግን ብዙ ጊዜ አያስችልም።

ሱቅ ሲኬድ የሪሲቨሩና የሆም ቴአትሩ ሪሞቶች ይያዙ፤ ቲቪውን ተዉት። ሻጩ ፊት ከእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቁልፍ እንዲማር ያድርጉ፤ ቻናል መፈለጊያውና የድምፅ ቁልፉ ቢሆኑ ይመረጣል። የተማረውን ለማየት የስልክ ካሜራ ይበቃል፤ የሪሞቱ አፍንጫ ወደ ካሜራው ዞሮ ቁልፉ ሲጫን በስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ የሚመስል ብርሃን ብልጭ ይላል። የአንዳንድ ስልክ የኋላ ካሜራ ይህን ብርሃን ስለሚያጣራው በፊተኛው መሞከር ይሻላል። ይህ መብራቱን ብቻ እንጂ የኮዱን ትክክለኛነት አያሳይም፤ ስለዚህ የመለወጥ መብት መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ድንጋዩን አውጥተው ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው መልሰው ያስገቡት፤ የተማረውን የሚረሳ ሪሞት ድንጋይ በተቀየረ ቁጥር ትምህርቱን ይደግማል ማለት ነው፤ አይግዙት። ቤት ሲገቡ የቀድሞዎቹን ሪሞቶች አይጣሉ። ድንጋዩ ፈስሶ እንዳያበላሻቸው አውጥተውት በመሳቢያ ያስቀምጧቸው፤ ዲሹ ሲዞርና ቻናል እንደገና ሲጫን ባለሙያው የሚጠይቀው ዋናውን ነው።